ዝናብ ያልፈራው የአባቴ ባትሪ

በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን መብራት ድንገት ሲጠፋ ሁሉም ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የምሰማው ሌላ ድምፅ ነው፦ «ቀጭ»። የአባቴ ባትሪ ማብሪያ ድምፅ ነው፤ የረጠበ ጎማ ሽታም አብሮት ይመጣል። ተማሪዎቼ ባትሪ ስላቸው የስልክ ባትሪ ስለሚመስላቸው አስቀድሜ ላስረዳ። በእኛ መንደር ባትሪ የምንለው በእጅ ተይዞ የሚበራውን መብራት ሲሆን፣ ውስጡ የሚገባውን ደግሞ ድንጋይ እንለው ነበር።

መንደራችን በሐይቅ ከተማና በአርዲቦ ሐይቅ መካከል ነበረች፤ ኤሌክትሪክ ገና አልገባላትም ነበር። ጅዳ ትሠራ የነበረችው አክስቴ ዘይነባ ለአረፋ ስትመጣ ወርቃማ ቀለም ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሞላ ባትሪ አመጣችልን። እናቴ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችውና ምሰሶው ላይ ሰቀለችው፤ ከተማ ወስደን አንዴ ካስሞላነው በኋላም እንዲያበራው የሚፈቀድለት ሰው አልነበረም። ላምባ ካልነደደ እንደማያልቅ ሁሉ፣ መብራቱም ካልተነካ ተጠራቅሞ የሚቆየን ይመስለን ነበር።

ክረምቱ ገብቶ አንድ ምሽት የቅሬያችን ዳኛ የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ ብርቄ በጠና ታመሙ። ቅሬ ማለት በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳ የሚቀብርበት፣ ሕመምተኛም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያደርስበት ማኅበር ነው። አባቴ መንገዱን ስለሚያውቅ ከቃሬዛው ፊት ፊት መብራት ይዞ የሚሄደው ሁልጊዜ እሱ ነበር፤ ያን ዕለት ወርቃማውን ባትሪ ከዳንቴሉ አውጥቶ ወጣ። ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት አጋማሽ ላይ መብራቱ እንደ ፍም ቀላና ድርግም አለ። ሰዎቹ በዚያ ዝናብ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ፣ ቃሬዛውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ወረዱ።

እትዬ ብርቄ ድነው ሲመለሱ ጋሽ ታደሰ በሰው ፊት አባቴን፣ «ሰይዴ፣ ሙሽራ ነው እኮ ያመጣህብን! ከመጋረጃው ሲወጣ ዓይን አፋር ሆነ» አሉት። ሁሉም ሳቀ፤ አባቴ ግን አልሳቀም። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ እኔ ፊት ሆኜ መብራት አይጠፋም» አለ።

ለምን እንዳልሳቀ የገባኝ በመኸር፣ ማሽላው ሲታጨድ ነው። እናቴ አርግዛ ነበር። እኔን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ስለነበር የጤና ባለሙያዋ «ይኸኛውን ልጅ እቤት እንዳትወልጂ» ብላ አስጠንቅቃት ነበር፤ የመውለጃዋ ጊዜ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ወንዙን በሚሞላበት ወር ላይ ይወድቅ ነበር።

በጋ ላይ አባቴ እኔን አስከትሎ ሐይቅ ገበያ ወረደ። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ባትሪ ሲያነሳ መጀመሪያ ድንጋዩን አስወጥቶ ባዶውን ጆሮው ሥር ይነቀንቅና፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለው ወዲያው ይመልሰው ነበር። ከዚያ እጁን አርጥቦ ክዳኑን ለመክፈት ይሞክራል፤ ድንጋዩ መንደራችን ያለችው ሱቅ የሚገኘው ዓይነት መሆኑን ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ከወገቡ ከፍታ መሬት ላይ ይለቀዋል።

«ኧረ አባው፣ ባትሪ ነው እንጂ ድንች አይደለም!» ብሎ አንዱ ነጋዴ ጮኸ።

«በሬም ሲገዛ ጥርሱ ይታያል» አለው አባቴ።

«እሺ ይኸን እየው፤ ከአርዲቦ ማዶ ያለውን ሰው ፊቱን ያሳይሃል!»

«ከአርዲቦ ማዶ ምን አለኝ? እኔን እግሬ ሥር ያሳየኝ።»

ወደ ማታ ላይ፣ ጎማ የለበሰ፣ ጥቁር፣ መልከ ጥፉ ባትሪ አገኘ። ወድቆም በራ፤ በነጋዴው ባልዲ ውኃ ውስጥ ሰጥሞም በራ። ነጋዴው ራሱ ገርሞት «ይኸንንስ እኔም አላውቀው ኖሯል» አለ።

ይኸኛው ባትሪ ዳንቴል አልለበሰም። አባቴ በየምሽቱ ከብት ሊያይ ይወጣበት፣ ጃርት ያባርርበት ነበር፤ ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር ሕመሙን ቀድሞ ይናገራል ይል ነበርና። በየጁምዓው ከስግደት ሲመለስ ከፍቶ ሞላውን በጨርቅ ያብሳል፣ ድንጋዩን ያያል። እናቴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «እኔንም እንዲህ ከፍተህ ባየኸኝ!» ትለው ነበር።

በልጉ ገባ። አንድ ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ እናቴን ምጥ ያዛት። ቅሬው ተጠራ፤ የቃሬዛውን የፊት እጀታ ጋሽ ታደሰ ያዙ፤ እኔም ልብሷን በላስቲክ ጠቅልዬ ተከተልኩ። በዚያው ቁልቁለት ላይ አባቴ አዳለጠውና ባትሪው ከእጁ አምልጦ፣ እየተንከባለለ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ባለንበት ቀጥ አልን፤ እናቴ ብቻ ታቃስት ነበር። ከደፈረሰው ውኃ ሥር ግን ቢጫ ብርሃን ይታይ ነበር። አባቴ እስከ ጉልበቱ ገብቶ አወጣውና፣ ጭቃውን በጋቢው ጠርጎ፣ «ዱካዬን ተከተሉ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

«ይኸስ ሙሽራ አይደለም» አሉ ጋሽ ታደሰ እያለከለኩ፣ «ይኸ የልጆች አባት ነው!»

የጠዋት ፀሐይ ሐይቁን ስትነካ ወንድሜ ተወለደ። እናቴ በዚያ ቀንም ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ የፈሰሳት ግን ሐኪም ቤት ውስጥ፣ በሚያውቁ እጆች መካከል ሆና ነው፤ ደሙም ቆመላት። አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ «አልሃምዱሊላህ» እያለ ባትሪውን ያብስ ነበር፤ ማጥፋቱን ረስቶታል።

ዛሬ መንደራችን ኤሌክትሪክ ገብቷል፤ መኪናም እስከ ቁልቁለቱ አናት ይደርሳል። ወርቃማው ባትሪ ከነዳንቴሉ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ጥቁሩ በር ሥር ተሰቅሎ ዛሬም ይሠራል። ወንድሜ «የስልኬ መብራት ይበልጠዋል» እያለ አባቴን ያበሽቀዋል፤ እውነቱን ነው፣ የእኔም ስልክ ከዚያ ባትሪ ይልቅ ሩቅ ያሳያል። ዝናብ ሲጀምር ግን ስልኬን ቶሎ ብዬ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። የአባቴ ባትሪ የሚወጣው ዝናብ ሲጀምር ነበር።