«ዕቃው ጠፍቷል» ያልኳት ቦይለር

ባለቤቴን ዋሽቻታለሁ።

ቦይለራችን ሲበላሽ «መለዋወጫ ዕቃው ከማርቆስ ገበያ ጠፍቷል» አልኳት። ዋጋውን ፈርቼ አንድ ሱቅ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። እሷም አምናኝ፣ በሞት እስክትለየኝ ድረስ ውሃ በድስት ስታሞቅ ኖረች።

ትናንት ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት ያዙኛል ስል፣ «አሁን ከአንተ ጋር ማን አለ?» አሉኝ።

«አማቴ ናቸው፣ የሟች እናት። ብቻዬን እንዳልሆን ከደብረ ኤልያስ መጥተው።»

«እንግዲያ ስግደቱ ይቆይህና ቦይለሩን አሠራ።»

ዛሬ ዋጋ ጠየቅሁ። የተበላሸው የውስጥ ማሞቂያ ብቻውን፣ ያኔ ሙሉው ቦይለር በሚገዛበት ዋጋ ሆኗል። ቧንቧ ሠሪው «ጋሼ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢያሠሩት?» አለኝ። ከዚህ ዋጋስ ስግደቱ ሳይረክስ አይቀርም።

ውሃው ሲሞቅ አማቴ እጃቸውን ነክረው ሳቁ። «ዕቃው ተገኘ እንዴ ልጄ? እሷኮ ‹ከተማውን ዞሮ ፈልጎ አጣልኝ› እያለች ታመሰግንህ ነበር።»

እንዲህ ዓመታት ያደረ ውሸት ያለባችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደተገላገላችሁት ጻፉልኝ። እኔ «እማዬ፣ ለገንዘብ ሳስቼ ነው እንጂ ፈልጌም አላውቅ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸውና፣ በሞቀው ውሃ እግራቸውን አጠብኩ።