ኢዮስጦስ በማግስቱ የት ዋለ?

ባለታሪኮቹ ልጄ ሕይወት፣ አንድ መምህር፣ እኔና ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴ ነን።

አዋሽ ላይ የጽዋ ማኅበራችን አለቃ፣ «ሙሴ» የምንለው፣ በዕጣ ሊመረጥ አጎቴና መምህሩ ቀረቡ። ዕጣው ለመምህሩ ወጣ። አጎቴ ለዓመታት ውሃ እየቀዱና አግዳሚ ወንበር እየደረደሩ ማኅበሩን ያገለገሉ ስለነበሩ እኔ ተናደድሁ። ያን ጊዜ ወደ ሰመራ ልዛወር ነበር።

«ይተዉአቸው፤ ከእኛ ጋር ሰመራ ይኑሩ» አልኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ በእግዜር ዕጣ ላይ ሰመራ ሄጄ ይግባኝ ልበል?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን የሚጠይቁትን ጠየቁ። «ሐዋርያት በከዳው በይሁዳ ቦታ ሌላ ለመተካት ዕጣ ሲጥሉ ለማትያስ ወጣ። ያልወጣለት ኢዮስጦስ በማግስቱ የት ዋለ?»

«አልተጻፈማ፣ አባባ» አለች ሕይወት።

«እኔስ ማወቅ የምፈልገው ያልተጻፈውን አይደል!»

ለቀጣዩ ማኅበር ስንደርስ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ለአዲሱ ሙሴ መቀመጫ ሲያስተካክሉ አገኘናቸው። ሰመራም ሳይመጡ ቀሩ።

እኔ ልጆቼን «ፊት ቁሙ» እያልሁ ያሳደግሁ አባት ነኝ። መጠራት ማለት መመረጥ ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ኢዮስጦስ የት እንደዋለ ዛሬም አላውቅም፤ አሁን ግን ጥያቄው ለእኔ ተርፏል። ሰመራ ያነጠፍንላቸው አልጋ አንድም ቀን ሳይተኙበት ቀረ። ታማኝነታቸው ማኅበሩን ምንም አላስወጣውም። እሳቸውን፣ ሕይወትንና እኔን ግን እስኪያርፉ ድረስ አብረን ልንኖራቸው እንችል የነበሩትን ስድስት ዓመታት አስከፍሎናል።