የአባቴ ዝናር

አባቴ ሲሞት ቀጭን ጥይት የሚጎርሰውን ምንሽሩን ከነሙሉ ዝናሩ አወረሰኝ። በዚያው ዓመት ዝንጀሮ የደረሰ ገብሳችንን ሲፈጀው፣ "አንዱን ሳልጥል እንቅልፍ አልተኛም" ብዬ ተነሳሁ። ከዝናሩ አንድ ጥይት መዝዤ ባጎርሰው ወፍራም ሆኖ እምቢ አለ። ሌላም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ወገዳ ገበያ ብወጣ የማገኘው የክላሽ ጥይት ብቻ ሆነ።

መቼም አንዴ ምያለሁና የአባቴ ወዳጅ አያ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። አያ ደምሴ ዲሞፍተር ጠመንጃ ከትከሻቸው የማይለይ፣ ባለደማቸው እንኳ ቀና ብሎ የማያያቸው ሰው ናቸው።

ጥይቱን ሲያዩ፣ "ይኼማ የኔው ጠመንጃ ጥይት ነው!" አሉና የታጠቁትን ዝናር ፈቱ። ከዚያ አንዱን መዝዤ ምንሽሬን ባጎርሰው ሰተት ብሎ ገባ። ለካ አባቴና አያ ደምሴ በታላቅ እህቴ ሰርግ ዳሱ ውስጥ አንድ ባላ ላይ የሰቀሉትን ዝናር፣ ሞቅ ብሏቸው ተለዋውጠው ታጥቀዋል። እህቴ እንኳ ልጇን ከዳረች ቆይታለች!

"አያ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ጠመንጃዎ በማይጎርሰው ጥይት ነው እንዴ ሰው ሲያስፈራሩ የኖሩት?" ብዬ ሳቄ አመለጠኝ።

አያ ደምሴ አፌን በመዳፋቸው አፈኑት።

"ቀስ በል፣ አንተ! ባለደሜ ከአጥሩ ማዶ እያጨደ ነው።"