ጣውንቷ ከላይ፣ እሷ ከታች

ዙዌና ወደ ታችኛው ክፍል የወረደችው በገዛ ፈቃዷ አይደለም። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ልጇ ሙንዚር ስብራቱ እስኪጠገን እንኳ ሳይታገስ፣ "ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፣ እማ" ብሎ ፍራሿን ተሸክሞ ወረደ። የላዩ ክፍል ባዶ ከሚሆን ሳልሃ ትግባበት ተባለ።

ሳልሃ ጣውንቷ ናት። ባላቸው አትማን ጀልባ ሠሪ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ በዚያው በላሙ ደሴት ባለው የድንጋይ ቤት አብረው አረጁ። እኔ ፊት ለፊታቸው ነው የምኖረው። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ ጨው ስንበዳደር እጃችንን በመስኮት ነው የምንዘረጋው።

"ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት ክፍል ነው" ትለኛለች ዙዌና። "የባሕሩ ነፋስ የሚገባበት መስኮት የኔ ነበር። አሁን እሷ ከራሴ በላይ ትመላለስበታለች። ስትረማመድ እየረገጠችኝ ነው የሚመስለኝ።"

"በዕድሜ ታንስሻለች እኮ።"

"በስንት ታንሰኛለች? ደረጃውን ግን እንደ ፍየል ነው የምትወጣው! አላየሻትም?"

አይቻታለሁ። ዙዌናን ደግሞ በየቀኑ ስትደክም አየኋት። እንዳትወድቅ ፈርታ ቁጭ አለች፤ ቁጭ ባለች ቁጥር እግሯ እየሰለለ ሄደ። ምግቧን ምራቷ ታመጣላታለች። ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ ዱላ ይዛ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። የሳልሃ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ግን ፊቷ ይለዋወጣል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሰላት እንዳበቃ፣ ከላይ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅና የሳልሃ ማጉረምረም ተሰማት። "የባሌ አልጋ አጠገብ ትጨፍራለች እንዴ?" ብላ ተነሳች። በአንድ እጇ ግድግዳ ይዛ፣ ሲደክማት ደረጃው ላይ እየተቀመጠች፣ ወጣች። በሩን ስትከፍተው ሳልሃ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የመስኮቱን ጠርዝ በጣቷ ነክታ በአንድ እግሯ ቆማ ትወዛወዛለች።

"ምነው? ሽመላ ሆንሽ?"

ሳልሃ ደንግጣ እግሯን አወረደች። "እትዬ! በምን ወጡ?"

"በእግሬ ነዋ። እግር ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ?"

ሳልሃ አልጋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ባለፈው ረመዳን ወደቡ ላይ ወድቃ ማንም እንዳያውቅ ደብቃ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት ይህን ያስተማረቻት፦ የሚጨበጥ ነገር አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር መቆም፣ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት፣ በግድግዳ ጥግ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ መራመድ። የሰውነት ሚዛን ካልሠሩበት ይጠፋል ብላታለች።

"እኔ ወድቄ እያየሽኝ ለምን አልነገርሽኝም?"

ሳልሃ እንባዋን ጠረገችና፣ "ብነግርዎት ክፍሉን መልሰው ይወስዱብኝ ነበር" አለቻት።

ዙዌና ይህን ስትነግረኝ ንዴቷ ዓይኗ ላይ ይታይ ነበር። ያኔውኑ እሷም መልመጃውን ጀመረች። ከመስኮቴ ሆኜ አያታለሁ፤ ከወንበሯ በተነሳች ቁጥር "ሳልሃ!" ትላለች ጥርሷን ነክሳ። መጀመሪያ በሁለት እጇ ተደግፋ ነበር፣ ቆይታ በአንድ እጇ፣ ኋላ ያለ እጅ። ያለቀ ሸበጧን ወረወረችው። ሙንዚርን ደረጃው ላይ ገመድ እንዲዘረጋ፣ መታጠቢያ ቤት ሻካራ ምንጣፍ እንዲያነጥፍ አዘዘችው።

"አርፈሽ ተቀመጪ እንጂ፣ እማ።"

"ተቀምጬ ነው የደከምኩት!"

የኢድ ዕለት እኔም ተጋብዤ ከቤተሰቡ ጋር ግቢ ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ ዙዌና ብድግ ብላ ወደ ደረጃው ሄደች። ሙንዚር ሊደግፋት ተነሳ። "ቁጭ በል፣ ሩዝህ ይቀዘቅዛል!" አለችው። ቀስ ብላ፣ እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ ወጣች። ሳልሃ ቀድማ ወጥታ ኖሮ በሩ ላይ ቆማለች።

"ክፍሌን ልወስድ መጥቻለሁ።"

"እኔም አልወርድም፣ እትዬ።"

ሁላችንም አንጋጠን ጠበቅን። አንዳቸውም ፈቀቅ ስላላሉ፣ ሙንዚር ሁለተኛ አልጋ አወጣ። መስኮቱን ዙዌና ወሰደች፤ ሳልሃ ስትነጫነጭ ሰነበተች።

ታረቁ አልልም። ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን በአንድ እግራቸው ቆመው አያቸዋለሁ።

"ግድግዳ ነካሽ!"

"አልነካሁም! ዓይንዎ ነው የደከመው!"

ትናንት ዙዌና ዓሣ ልትገዛ ለብቻዋ ወደ ወደቡ ስትወጣ፣ ሳልሃ ከላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ "እትዬ፣ ዱላዎን ረስተዋል!" ብላ ጮኸች።

"አልረሳሁትም፣ ላንቺ ነው የተውኩልሽ!" አለችና መንገዷን ቀጠለች።