ከውጭ የሚቀረቀር በር

ልጅ ሳለሁ፣ መካነ ሰላም ላይ መብራት የጠፋበት ምሽት ሁሉ ለእኔ የጭራቅ ምሽት ነበር። አክስቴ ዘሃራ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ፣ ጓሯችን ባለችው በሟቹ አያቴ የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ በርና በርጩማ ትሠራ ነበር፤ መላጊያ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። ያኔ ጨለማው ሥራዋን ሲያስቆማት ፋኖስ ትለኩስና፣ የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ በአሮጌ ብረት ድስት ውስጥ አንድዳ፣ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ተረት ትጀምራለች። ጭሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም ወደ በሩ ፈቀቅ ለማለት አልደፍርም ነበር።

ተረቷ ሁልጊዜ አንድ ነው። አንዲት ልጅ በረጅም ግንብ በታጠረ ቤት ውስጥ ለጭራቁ ታጥባለች፣ ታበስላለች፤ የበሩ መቀርቀሪያ ግን በውጭ በኩል ብቻ ነው። ሲመሽ ጭራቁ ይመጣና ይቀረቅርባታል። እዚህ ላይ አክስቴ ጣውላውን በመዶሻ ቋ ስታደርገው ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ልጅቷ እንዴት አመለጠች ብዬ ስጠይቃት ፍሙን ትቆሰቁስና «አብሽሪ» ትለኛለች። አባባሏ ራሷንም የሚያጽናና አይመስልም ነበር።

አንድ ነጋዴ ለመጋዘኑ ከውጭ የሚቀረቀር በር ቢያዛት እንኳ ሌላ ጋ ይሂዱ ብላ መለሰችው። አባቴ እንጀራዋን በገዛ እጇ እየገፋች ነው ብሎ በጣም ተቆጣ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ወደ ዓረብ አገር ሰው የሚልክ ደላላ ይዞ ወደ ክፍሏ ገባ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እህቱ በጠባብ ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን እንዳትፈጅ ብሎ ነው። ደላላው ስለሚልካት ቤት ደግነት ብዙ አወራ። ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፣ ሲመሽ እመቤቲቱ ራሷ ከውጭ ትቆልፈዋለች፣ ማንም አይደርስብሽም አላት።

ተረቱ ተረት እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ፣ አክስቴን ሊወስዷት ነው።

«አባዬ፣ እዚያ ቤት እኮ ጭራቁ አለ» አልኩ።

አባቴ ሊስቅ ሲል የእህቱን እጅ አየ። መላጊያውን ይዛ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዓረብ አገር በሠራችበት ቤት ስለሆነችው ነገር ከዚያ በፊት ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም።

«ወንድም ዓለም» አለችው ቀስ ብላ፣ «እዚህ በሩን ራሴ እዘጋለሁ፣ ራሴ እከፍታለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃኛል።»

አባቴ ሰውየውን ይዞ ወጣ።

አሁን የምኖረው ደሴ ነው። ለበዓል መካነ ሰላም ስሄድ አክስቴን እዚያችው ክፍል ውስጥ ፍቅፋቂ ለብሳ አገኛታለሁ፤ ውጭ ኮቴ ስትሰማ ዛሬም መላጊያዋ ቀጥ ይላል። እኔም ብሆን ፈሪ ሆኜ ነው የቀረሁት። ግን እየተንቀጠቀጠች ይበቃኛል ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁና፣ ሰው በኑሮው ደስ ለመሰኘት ፍርሃቱ እስኪለቀው መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም።