ወፏ ጋ አልደረስንም

ሞረዳ ከዘሪቱ ግቢ የተባረረው በአባጨጓሬ ምክንያት ነው።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ፣ ከዘሪቱ ጋር በአንድ ቆርቆሮ አጥር የሚዋሰን ቤት አለው። የፊቱ ክፍል ፎቶ ቤት ነው፣ የኋላው መኖሪያ። ጉርድ ያነሳል፣ ምርቃት ያነሳል፣ ሠርግ ያነሳል። ይህ እንጀራው ነው። ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ጉንዳን ጀርባ ላይ፣ ንብ እግር ላይ፣ ጠል ያረፈበት የጽጌረዳ ቅጠል ላይ። ትንሹን ነገር ቀርቦ አግዝፎ የሚያነሳ ሌንስ ስላላገኘ፣ የውሃ ቧንቧ ቆርጦ በካሜራውና በሌንሱ መካከል አስገብቶ በጥቁር ፕላስተር አሸገው። መሣሪያውን ያየ ሁሉ የቧንቧ ሠራተኛ ይለዋል። ይሠራል ግን። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ በዚያ ቧንቧ ሲነሳ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ነገር ጠርቶ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም በሙሉ ጭጋግ ነው።

የዘሪቱ ልጅ መታሰቢያ ስትዳር ፎቶ አንሺው እሱ ነበር። ሙሽሮቹ በእናትየው አበቦች መሃል ቆመው ሳለ፣ አንድ አረንጓዴ አባጨጓሬ ሙሽራዋ በያዘችው እቅፍ አበባ ላይ ብቅ አለ። ሞረዳ ቧንቧውን ገጠመ።

አልበሙ በዘመድ ፊት ሲከፈት በትልቁ ገጽ ላይ የተንሰራፋው አባጨጓሬው ነበር። ጠጉሩ አንድ በአንድ ይታያል። የሙሽራው እናት መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ፈተሹት።

"ልጄ የት አለ?" አሉ።

"ከአባጨጓሬው በስተግራ፣ ያ ጥቁሩ" አለ ሞረዳ።

"ሙሽራዋስ?"

"ነጩ።"

 በማግስቱ ዘሪቱ ሁለቱ ግቢዎች የሚገናኙባትን ትንሽ በር በሚስማር መታቻት። ሞረዳ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ከዚያ የተሻለ ፎቶ አላነሳሁም ይላል። እንዲህ እያለ ዕርቅ መጠየቅ ደግሞ አይሆንለትም።

ዘሪቱ የወሎ ልጅ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወላጆቿ ጋር ጊዳ አያና ሰፈረች፣ እዚያው አደገች፣ ተዳረች፣ ባሏን ቀበረች። ቀዬው ሲታመስ ደግሞ ነቀምቴ ገባች። ያኔ ከቤት ዕቃ ሁሉ አስቀድማ ያወጣችው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የጽጌረዳ ቁራጭ ነበር ይባላል። እሷም አላስተባበለችም። ጽጌረዳው አሁን ግድግዳውን ይዞ ጣሪያ ደርሷል።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሞረዳ በጓሮ መስኮቱ ሲመለከት አንዲት ወፍ ሸረሪት በአፏ ይዛ አጥሩን ስትሻገር አየ። ከአበባ ውስጥ ማር የምትመጥ፣ አውራ ጣት የምታክል ወፍ ናት፤ ምንቃሯ እንደ ጆንያ መስፊያ ወስፌ የጎበጠ። ሞረዳ ይህችን ዓይነት ወፍ ጫጩቶቿን ስትመግብ ለማንሳት ሲመኝ ነው ያረጀው። እስካሁን የያዘው ጅራት ብቻ ነው። በርሜል ገልብጦ ላዩ ላይ ወጣ። ጎጆዋ እንደ ትንሽ ቦርሳ ከጽጌረዳው ሐረግ ላይ ተንጠልጥላለች። የተንጠለጠለችው ግን ከዘሪቱ መኝታ ቤት መስኮት በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

ካሜራውን እንዳነሳ መስኮቱ ተከፈተ። የዕቃ እጣቢው ደረቱ ላይ አረፈ።

"ደግሞ በአጥር መጣህ?" አለች ዘሪቱ።

"ወፍ ነው" አለ ሞረዳ።

"ወፍ ነው ይለኛል" አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ወዳጁ ኦቦ ባቻ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ነገሩን በጥሞና ሰምቶ "ይቅርታ ጠይቃት" አለው።

"ልጠይቅ ስል ውሃ ደፋችብኝ።"

"እንግዲያው ጃርሳ ላክ።" ሽማግሌ ማለቱ ነው።

"ለወፍ?"

"ለዕርቅ። ወፏ መሃል ላይ ትገባለች።"

ሞረዳ እሺ አለ። ጊዜ አልነበረውም። ጫጩቶቹ ተፈልፍለዋል፤ ላባ አውጥተው ከበረሩ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው፣ ያውም ወፏ ተመልሳ ከመጣች። ባቻ ሁለት ሰው ጨመረ፤ ከዘሪቱ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውን አቶ መሸሻን፣ እና አናጢውን ኦቦ ተረፋን። ተረፋ ንግግር አያውቅም። ሌላው ሲናገር "ዱጋ"፣ እውነት ነው፣ እያለ ማጽናት ግን ማንም አይስተካከለውም።

እሑድ ማለዳ ሦስቱ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ የዘሪቱ በር ላይ ቆሙ። እነሱ ከሥርዓቱ ሌላ አላሰቡም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ምእመን ግን፣ ወደ ጸሎት ቤት ከሚሄደው ጴንጤ ጋር እዚያው በር ላይ ተላለፈ። ሦስት ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ በማለዳ የመበለት በር ላይ ሲቆም፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስበው። ላኪው ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት ነው።

ሞረዳ አጥሩ ሥር በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል።

"አዴ ዘሪቱ፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ" አለ ባቻ። "ልንለምን መጥተናል። እሺ ሳትዪን አንቀመጥም።"

"ሳልሰማ እንዴት እሺ እላለሁ? አብሽሩ፣ ተቀመጡ።"

ወንበር ተንቋቋ። ባቻ ጉሮሮውን ጠረገ። "የላከን ሞረዳ ነው። የራሱ ቤት አለው።"

"ዱጋ" አለ ተረፋ።

"አይጠጣም። ሚስቱን በክብር ነው የቀበራት።"

"ዱጋ።"

"ቁጡ አይደለም። ሲሬ ያሉት ዘመዶቹም የተከበሩ ናቸው" አለ መሸሻ።

አጥሩ ሥር ሞረዳ "ወፏን" አለ በሹክሹክታ። "ወፏን በሉ።"

 ዘሪቱ "ወንድሜ አስናቀው ሳይሰማ የምመልሰው ነገር የለም" አለች። "ያለው ጊዳ አያና ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።"

ቀጥሎ የተሰማው የሳህን ድምፅ ነበር።

ባቻ ወደ ፎቶ ቤቱ የመጣው ጢሙ በቅቤ ወዝቶ ነው። "ተሳካ" አለ። "እምቢ አላለችም። ጨጨብሳም በላን።"

"ወፏስ?"

"ወፏ ጋ አልደረስንም።"

"ሚስቴን መቅበሬ ለፎቶ ምን ያደርጋል?"

"ላኪው ሳይታወቅ ጉዳይ አይነሳም። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ መልስ አይሰጥም። ሥርዓት ነው።"

"ዱጋ" አለ ተረፋ ከበር ላይ።

ሁለት ሳምንት ማለት ባዶ ጎጆ ማለት ነው።

ወሬው ገበያ ለመድረስ እስከ ማክሰኞ እንኳ አልቆየም። ሞረዳ የሚጸልይበት ጸሎት ቤት ሴቶች ዘሪቱ መዝሙር ትችል እንደሆነ ጠየቁት። የዘሪቱ ማኅበርተኞች በበኩላቸው ሞረዳ እንደገና ሊጠመቅ ነው አሉ። መታሰቢያ ከሲሬ ደወለች። "ጋሼ ሞረዳ፣ እኔ ቅር አይለኝም" አለችው። "የሠርጉን ፎቶ አንተ እንዳታነሳ ብቻ።" አስናቀው ደግሞ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቶ፣ በግ አስጭኖ ተነስቷል ተባለ።

ሞረዳ ሥርዓቱን ጥሶ በቀን በብርሃን የዘሪቱን በር አንኳኳ። ቧንቧው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ እስኪከፈት ድረስ የሚለውን አሰበ፤ የቱንም መንገድ ቢይዝ መጨረሻው አንቺን አልፈልግሽም ማለት ሆነበት። ይህን የሰማች ሴት ደግሞ ግቢዋን ለዘለዓለም ትዘጋለች።

"አዴ ዘሪቱ፣ ሽማግሌዎቹ የመጡት ..."

"ለወፏ ነው" አለች።

ሞረዳ ቧንቧውን በእጁ ሸፈነ።

"ልጄን በአባጨጓሬ የለወጠ ሰው ለሰው ብሎ ሽማግሌ አይልክም። ገና መሸሻ ስለ ዘመዶችህ ሲያወራ ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን ቀጠሮ ሰጠሻቸው?"

"ከዘራ ይዘው የመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ስለ ወፍ ነው የመጣችሁት ብዬ ላሳፍራቸው?" ወደ ጽጌረዳው ዞረች። ጎጆዋ ውስጥ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። "አሁን አገር ሁሉ ሰምቷል። ነገ፣ ለካ ለወፍ ኖሯል ሲባል የሚሳቅብኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጠይቀኸኛል፤ እኔም እምቢ ብዬሃለሁ። ለጠየቀህ ሁሉ እንዲያ ትላለህ።"

"እላለሁ።"

"ሁለተኛ፣ ከመታወቂያዬ ላይ ካለው በቀር ፎቶ የለኝም። የነበረኝ ሁሉ ጊዳ አያና ቀርቷል። እኔን ታነሳለህ። ጥርት አድርገህ።"

"ጥርት አድርጌ" አለ ሞረዳ። ወፏን ለማየት ሲል ሰማይን እጠርጋለሁ ብሎ ይምል ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መስኮቷ ሥር ተንበረከከ። በመጀመሪያው ቀን ወፏ ከቆርቆሮው ላይ ሆና ሰደበችው። በሦስተኛው ቀን በትከሻው በኩል አለፈች። ከዚያ ወዲያ ከግንድ አልለየችውም፤ ከአፍንጫው ስንዝር ርቃ ትመግባለች። ሥዕሎቹ ግን ሁሌ ወይ ክንፏ ይንቀጠቀጥባቸዋል ወይ ምንቃሯ ይጠፋባቸዋል።

አስናቀው በጉን እየጎተተ ሲገባ ያገኘው ይህን ነው፤ በእህቱ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ያጎነበሰ ሰውዬ።

"ሙሽራው አንተ ነህ?" አለ።

"እምቢ የተባልኩት ነኝ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"እባክህ ቀስ በል፣ እየመገበች ነው።"

አስናቀው ሰውየውን አየ፣ ቧንቧውን አየ፣ በጉን ከግቢው ዋንዛ ዛፍ ጋር አሰረና ወደ ቤት ገባ። እህቱን ምን እንዳላት አልተሰማም። ስትስቅ ግን ተሰማች።

በነጋታው ጫጩቶቹ ጎጆዋን ሞልተው ጠርዟ ላይ ተደራርበዋል። ዛሬ ይበራሉ። ዘሪቱም ይህን አውቃለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወንበሯን ከጽጌረዳው ጎን አስቀምጣ ተቀመጠች።

"መጀመሪያ እኔን" አለች። "እነሱ ከበረሩ አንተም ትበራለህ።"

ሞረዳ ቧንቧውን ፈታ። ሌንሱን ገጠመ። እውነቱን ለመናገር፣ ሊያነሳት ነበር።

"ፈገግ ልበል?"

"በይ።"

ፈገግ አለች። በዚያች ቅጽበት ትልቁ ጫጩት ከጎጆዋ አፍ ወጥቶ ሐረጉ ላይ ቆመ። እናትየው ከላይ ወረደችና ምንቃሯን ጉሮሮው ውስጥ ከተተች። ቧንቧው እንዴት ተመልሶ እንደገባ ሞረዳ አያስታውስም። እጁ ያስታውስ ይሆናል። ካሜራው ቀጭ አለ። ጫጩቱ ክንፉን መታ፣ አጥሩን አለፈ፣ የፎቶ ቤቱ ጣሪያ ላይ አረፈ።

ዘሪቱ ፈገግታዋን አጠፋች። "አሳየኝ" አለች።

አሳያት። በጫጩቱ ጉሮሮ ውስጥ የገባው ምንቃር፣ በእናትየው ዓይን ውስጥ ያለችው ፀሐይ፣ አንገቷ ላይ የተኛው ላባ፣ አንድም የጎደለ የለም። ዘሪቱ ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው።

"እኔ የት አለሁ?"

 "ከጫጩቱ በስተግራ" አለ ሞረዳ። "ያ ነጩ።"

አስናቀው ከበረንዳው ላይ ሆኖ በጉን ማየት ጀመረ። ዘሪቱ ካሜራውን መለሰችለት፤ ተነስታም ቀሚሷን አራገፈች።

"እምቢ ማለቴ ደግ አደረግኩ" አለች።

በጉ ለሽማግሌዎቹ ታረደ። ባቻ ሥርዓቱ በሚገባ ተፈጽሟል አለ፤ ተረፋም አጸናለት። ጉርድ ፎቶዋን ሞረዳ በዚያው ሳምንት አነሳላት፤ ጥርት ያለ፣ የማያሳፍር ሥራ ነው። እሱን መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ በትልቁ ታትሞ የተሰቀለው የወፏ ነው። ሞረዳ ደጉ ሰው፣ የራሱ ቤት ያለው፣ የማይጠጣ፤ ለምን እምቢ አልሽው ብሎ የሚጠይቃት ሰው አሁንም አይጠፋም።  ዘሪቱ ወደ ግድግዳው ትጠቁምና፣ ከወፏ ሥዕል ላይ የቤቱን እመቤት ፈልጎ እንዲያገኝ ትተወዋለች።