የሐይቁ ደርሶ መልስ

በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበርሁ። በኋላም ዴንቨር ላይ በከተማው አስተዳደር ተቀጥሬ እስከ ጡረታ አገልግያለሁ። በሁለቱም አገር በዓይኔ ባላየሁት ነገር ላይ ፈርሜ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ቀጥሎ የምናገረው ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

ወዳጄ አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከአስመራ ምጽዋ በብስክሌት ወርዶ፣ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ፣ ያንን ሁሉ ዳገት መልሶ ወጥቶታል። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ከሰፈራችን ከኦሪጅናል ኦሮራ እንነሣና በቦይ ዳር የአፈር መንገድ፣ በሣር ሜዳዎችና በፈረስ ጋጣዎች መካከል አልፈን፣ ከከተማው ደቡብ ወዳለው ግድብ ሐይቅ በብስክሌት እንሄድ ነበር። ዳርቻው አሸዋ ስለሆነ «ምጽዋ» ይለዋል። ሁልጊዜ ይቀድመኛል። ከሐይቁ ስንመለስ በምንወጣው ዳገት ጫፍ ላይ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ ይጠብቀኝና፣

«አንተ ፈታኙ! ብስክሌትም በማኅተም የሚሄድ መሰለህ?» ይለኛል።

አብሬው እስቅ ነበር።

በጸደይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀ። ቶርንተን የምትኖረው አንድ ልጁ ሊትልተን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ቦታ አገኘችለት። እሱ ግን ከአፓርታማዬ አልወጣም አለ።

«ሐይቁ ድረስ ሄጄ፣ ማንም ሳይደግፈኝ በብስክሌቴ ከተመለስሁ ትተዪኛለሽ?» አላት፤ እኔም ነበርሁ።

«ኦኬ ዳዲ፣ ዲል» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ግን ጋሼ ይመስክሩ። አንተ ዳዲ ታጋንናለህ። ጋሼ አይዋሹም። ዓርብ ኦፍ ነኝ፤ ካቃተው ይደውሉልኝ፣ መጥቼ ፒክ አደርጋችኋለሁ።»

ዓርቡ የዋለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር። ወዳጄ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። መጾሙንም ለልጁ እንኳ አይናገርም፤ ጾም ከተነገረ ዋጋው ጠፋ ባይ ነው። እሷ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናትና ጾሙ መቼ እንደሚገባ አታውቅም። እኔ የደም ግፊት ስላለብኝ የንስሐ አባቴ እንድበላና እንድጠጣ ፈቅደውልኛል።

ከበሩ ስንወጣ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከጾሙ በኋላ ብናደርገውስ?» አለኝ።

«ቀን የሚያማርጥ ተፈታኝ አሳልፌ አላውቅም» አልሁት።

ሳቀ። መሳቁ አናደደኝ።

ሲሄድ ደኅና ነበር። ሐይቁ ደረስን፤ ጫማውን አውልቆ እግሩን ነከረ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አንድ ጠርሙስ ውሃ እስከ ታች ጠጣሁ። ፊቴን ማዞር እችል ነበር፤ አላዞርሁም።

በመልሱ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዳገቱ ወገብ ሲደርስ ወረደ። ጥቂት እየገፋ ሄደና መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። አጠገቡ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ። አልቆምሁም። ጫፉ ላይ ወጥቼ አንድ እግሬን መሬት አስረገጥሁና ጠበቅሁት።

«አንተ የምጽዋው!» ብዬ ወደ ታች ተጣራሁ። «ምነው፣ ዳገቱ ረዘመብህ?»

ሰዓቴን አይቼ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆጠርሁ። ከዚያ ለልጁ ደወልሁ።

መኪናዋ ውስጥ ከመግባቱ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ከየት ላይ እንደወረደ፣ ስንት እርምጃ እንደገፋ፣ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠ ነገርኋት። አንድም የተዛባ አልነበረም። ጾሙን አላነሣሁም። ስለ ጾም አልጠየቀችኝም፣ ያልተጠየቀ ደግሞ አይመለስም ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እሷ መሪውን ይዛ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ምስክርነቴን በሚገባ እንደሰጠ ሰው፣ ልቤ ረክቶ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ ሊትልተን ገባ። ብስክሌቱን ልጁ ለእኔ ሰጠችኝ። ከእኔው ይቀላል፤ ዳገቱን በእሱ ሳልወርድ እወጣዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ሄድሁ። መስኮት ዳር፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርገውለት ተቀምጧል። ቅር የተሰኘብኝ አይመስልም።

«ያን ዕለት» አለኝ፣ «እኔ እንደሆነ አፌ አይፈታም። አንተ ግን ‹ጾም ላይ ነው፣ ውሃ እንኳ አልቀመሰም› ብለህ ነግረሃታል። እንዲያም ሆኖ አልሰማችህም፣ አይደል?»

«አዎ» አልሁት። «አልሰማችኝም።»

«አውቄው ነበር» አለና እጄን ያዘ። ምሳው እስኪመጣለት ድረስ አለቀቀውም።